የጠቆረው የብር መስቀል፦ ስለ ፍሳሽ መስመሮቻችን ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በጎጃም ከተሞች ለምትሠሩ የውሃና ፍሳሽ ኃላፊዎች፣ የማዘጋጃ ቤት መሐንዲሶች፣ ኮንትራክተሮችና የሕንፃ ባለቤቶች

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ የሳኒተሪ ሠራተኛ ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ ቧንቧ ስገጥም፣ መጸዳጃ ቤት ስሠራ፣ የተዘጋ መስመር ስከፍት ኖሬያለሁ። ኢንጂነር አይደለሁም። ኢንጂነሩ ፕላኑን ሠርቶ ይሄዳል፤ እኔ ከስድስት ዓመት በኋላ ክዳኑን አንስቼ ውስጡን አያለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም እዚያ ውስጥ ስላየሁት ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው ቡና ላይ ነው። ከአንድ ኮንዶሚኒየም ደጃፍ፣ ከማንሆሉ ክዳን ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ጀበና የሚጥዱ አንዲት እናት አሉ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ነው የምጠጣው። አንድ ቀን አንገታቸው ላይ ያለውን የብር መስቀል አየሁት። ከሰል መስሏል።

«እትዬ፣ መስቀልዎን ምን አገኘው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። በአመድ አሽቼ አጠራዋለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው መልሶ ይጠቁራል። ሰው ዓይን ነው ይለኛል» አሉኝ።

ዓይን አይደለም። ከማንሆሉ የሚወጣው ጋዝ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል፤ የገማ እንቁላል ሽታ የምንለው የእሱ ሽታ ነው። ብርን ሲነካ ጥቁር ሽፋን ያለብሰዋል። መዳብንም አይምርም። እዚያው ግቢ የውሃ ፓምፑ ማብሪያ ሳጥን በየጊዜው ይበላሽ ነበር፤ ከፍተን ስናየው ሽቦው ሁሉ ጠቁሯል። ሳጥኑ የተሰቀለው ከማንሆሉ በላይ ነበር።

ክዳኑን አነሳነው። ግድግዳውን በፌሮ ጫፍ ጫር ባደርገው እንደ እርጥብ ጀሶ ተንዶ ወረደ። ስድስት ዓመት ያልሞላው ኮንክሪት ነው። ከውስጥ ያለው ፌሮ ገጥጦ ወጥቷል፣ ዝጓል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፍሳሹ የሚነካው የታችኛው ክፍል ደህና ነው። የተበላው ፍሳሽ ነክቶት የማያውቀው ላይኛው ነው። ለሳምንታት አእምሮዬን የበላው ይህ ነበር። ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህርም ጊዜ ሰጥቶ አስረዳኝ። የገባኝን በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ።

ፍሳሽ በሚሄድበት ቱቦ ግድግዳ ላይ ንፍጥ የመሰለ፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር ይጋገራል። እጁን ማንሆል ውስጥ ከትቶ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያ ነገር የባክቴሪያ መንደር ነው። ከላይ ያሉት ፍሳሹ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን ይጨርሷታል። ከሥር ላሉት አይደርሳቸውም። ስለዚህ በኦክስጅን ፋንታ ሰልፌት በሚባለው ጨው ይኖራሉ። ሰልፌት በሽንታችን አለ፤ በምንጠጣው ውሃ አለ፤ በዱቄት ሳሙናም አለ፤ ለብዙ ዱቄት ሳሙና ማብዣ የሚሆነው ሶዲየም ሰልፌት ነውና። ባክቴሪያዎቹ ሰልፌቱን ተጠቅመው የሚተፉት ሰልፋይድ ነው፤ ውስጡ ያለው ድኝ ነው።

ሰልፋይዱ ፍሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ዝም ብሎ ከሄደ ብዙም አይሸትም። ችግሩ ፍሳሹ ሲናወጥ ነው። ከፍ ካለ ቱቦ ወደ ማንሆል እንደ ፏፏቴ ሲወረወር፣ የተነቀነቀ ለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ጋዙ ይወጣል። ሽቅብ ሄዶ ላብ ያለው የቱቦ ጣሪያ ላይ ያርፋል። እዚያ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይጠብቁታል። እነዚህኞቹ ደግሞ ኦክስጅን ወዳጆች ናቸው። ጋዙን በልተው የሚያወጡት ሰልፈሪክ አሲድ ነው። አዎ፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ። አሲዱ ሲሚንቶውን ሲያገኘው ሲሚንቶው ጀሶ ይሆናል። እኔ «እንደ ጀሶ ተናደ» ስል ምሳሌ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ለካ የምሩን ጀሶ ነው! ከአባይ በረሃ ተቆፍሮ የሚወጣው ያው ማዕድን፣ እኛ ማንሆል ውስጥ ያለ ፈቃድ እየተመረተ ነው።

በጣም በተጎዳ መስመር ኮንክሪት በዓመት ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ሊበላ ይችላል። የባሰም አለ። ፌሮው የተሸፈነው በሁለት ሦስት ሳንቲም ኮንክሪት መሆኑን አስታውሱና አስሉት።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 የሎስ አንጀለስ ዋና የፍሳሽ መስመር እየተበላ መሆኑ ተጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ደግሞ ፓርከር የሚባል ተመራማሪ ሜልቦርን ላይ፣ ከተበላ ኮንክሪት ውስጥ አሲድ ሠሪውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣው። ሌላው ዓለም በቢሊዮን ከፍሎ የተማረውን እኛ በነጻ ልንወስደው እንችላለን። መስመራችንን ገና አልዘረጋነውማ።

ደብዳቤውን አሁን መጻፌም ለዚህ ነው። አብዛኛው ቤታችን ዛሬም ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ነው። የፍሳሽ መስመር አለን የምንለው ሆቴሉ፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያለችውን አጭር መስመር ነው። ከተሞቹ ግን እያደጉ ነው። ባሕር ዳርም፣ ደብረ ማርቆስም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም፣ ሞጣም ዛሬ ባይሆን ነገ ትልቁን መስመር ይዘረጋሉ። ያኔ ሽታው ቱቦው መሬት ሳይገባ በፊት ፕላኑ ላይ ይታሰብ። ዋናው ልመናዬ ይህ ነው። ቱቦው ከተቀበረ በኋላ ሽታ ማለት አስፋልት መቁረጥ ማለት ነው።

ደግሞ የየከተማው ጠባይ ይለያያል። የሌላ ከተማ ፕላን ቀድቶ ማምጣት አያዋጣም።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሞቃትም ናት። ሜዳ ላይ ፍሳሽ በራሱ አይሄድም፣ ፓምፕ ይፈልጋል። ፓምፕ የሚገፋው ቱቦ ደግሞ ጢም ብሎ የሞላ ነው፤ አየር የሚባል የለበትም። ፓምፑ ባቆመ ቁጥር ፍሳሹ እዚያ ውስጥ ለሰዓታት ተኝቶ ይገማል። ሙቀቱ ይጨመርበት። ባክቴሪያዎቹ ሰልፋይድ የሚሠሩበት ፍጥነት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል ተብሎ ነው የሚሰላው። 10 ዲግሪ ልዩነት ማለት እጥፍ ማለት ነው። በዚህ ላይ ጣና አጠገቡ ነው፤ ቱቦው ቢበላና ቢሰነጠቅ ፍሳሹ የት እንደሚሄድ መንገር አያስፈልግም።

ደብረ ማርቆስ ሌላ ናት። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ዳገትና ቁልቁለትም አላት። ፍሳሹ ይሮጣል፣ ጥሩ ነው። ግን ቁልቁለት ሲበዛ ኮንትራክተሩ ቁፋሮ ለመቀነስ ቱቦውን በየማንሆሉ እየዘለለ ያወርደዋል። በእያንዳንዱ ዝላይ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ የባሕር ዳር መሐንዲስ ፍሳሹ እንዳይተኛ፣ የማርቆሱ ደግሞ እንዳይወረወር ነው የሚጨነቀው።

ሁሉም ከተሞቻችን የሚጋሩት ግን አለ፤ ውሃ በፈረቃ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ሲመጣ ሰው በባልዲና በጆግ ይቆጥባል። ሽንት ቤት የሚደፋው ትንሽ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ ይቀመጣል። ቡና የሚያፈሉት እናት «ውሃ በጠፋ ሰሞን ነው የሚብሰው» ያሉኝ ለዚህ ነው። እሳቸው ያለ ላቦራቶሪ የደረሱበትን እኔ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ስለዚህ የውሃውን ፈረቃ የሚያወጣውና የፍሳሹን መስመር የሚጠብቀው ክፍል ቢነጋገሩ ጥሩ ነው።

በዚህ ቦታ ትንሽ ቅሬታ ላሰማ። ያን ማንሆል ፎቶ አንስቼ ወደ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ከተማውንም ቢሮውንም አልጠራም። «ሽታ ከሆነ የጽዳት ጉዳይ ነው» ብለው ወደ ሌላ ቢሮ ላኩኝ። እዚያ ደግሞ «ቱቦ ከሆነ የውሃ ጉዳይ ነው» አሉኝ። ሁለት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ወር ሰዎች መጡና የማንሆሉን ክዳን ዙሪያውን በሲሚንቶ ለጠፉት። ተገላገልን አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1858 የለንደን ቴምዝ ወንዝ ሸትቶ ሸትቶ የፓርላማው ሰዎች መጋረጃቸውን ክሎሪን ባለው ኖራ አስነከሩ አሉ። አልሆነም። በመጨረሻ ተሸንፈው ለታላቁ የፍሳሽ መስመር ገንዘብ ፈቀዱ። ሽታው የሹም አፍንጫ እስኪደርስ መጠበቅ የእኛ ብቻ አይደለም፣ ይህ ትንሽ ያጽናናኛል።

ወደ ሲሚንቶው ልመለስ። ማንሆል መለጠፍ ሽታውን አያጠፋም፤ መንገዱን ይለውጠዋል። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ይመለሳል፤ በገላ መታጠቢያው ወለል ማፍሰሻ በኩል። የወለሉ ማፍሰሻ ሲፎን ውስጥ ያለችው አምስት ሳንቲም ያህል ውሃ ናት እኛንና ከተማውን ሙሉ የምትለየን። ቤቱ ተዘግቶ ሲከርም ትደርቃለች። (ክፍለ ሀገር ከርማችሁ ስትመለሱ ቤቱ ከሸተታችሁ መጀመሪያ አንድ ጆግ ውሃ ወለሉ ማፍሰሻ ላይ ድፉ። ሳኒተሪ ከመጥራታችሁ በፊት። በዚህች ምክር ስንት ሥራ እንዳጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።) ከዚያም አልፎ የታፈነው ጋዝ ቱቦው ውስጥ ሆኖ ጣሪያውን ይበላል። አፍንጫ ያርፋል፣ ኮንክሪቱ ያልቃል።

በረኪናም መፍትሔ አይደለም። አንድ ሁለት ጀሪካን በረኪና ማንሆል ውስጥ መድፋት ለአንድ ከሰዓት ሽታውን ያስታግሳል፤ ፍሳሹ ይሄዳል፣ በረኪናውም አብሮት ይሄዳል፣ ንፍጡ ግን እዚያው ነው። ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ እሱ ራሱ ሰው ይገድላል።

ስለ ሞት ካነሳሁ አይቀር፣ ከሽታም ከኮንክሪትም በላይ የሚያስጨንቀኝን ልናገር። የእኛ ሙያ ልጆች ማንሆልና ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ የሚገቡት በባዶ እጅ ነው። የቀን ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት የሚደረግለት ቢበዛ ሻማ አብርቶ ማውረድ ነው። «ሻማው ካልጠፋ አየር አለ» ይባላል። ተሳስተናል። ሻማ ስለ ኦክስጅን ነው የሚናገረው። ስለ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ምንም አያውቅም። እንዲያውም ሚቴን ካለ ጉድጓዱን ሊያፈነዳው ይችላል።

አፍንጫም አይታመንም። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ሳይሞላ ገና ይሸታል። ወደ 100 እጅ ሲደርስ ግን አፍንጫ ይደነዝዛል፤ ሰውየው «ሽታው ጠፋ» ይላል። ጠፍቶ አይደለም፣ በዝቶ ነው። ከ500 በላይ ሲሆን ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። 1,000 ሲደርስ አንድ ሁለት ትንፋሽ ይበቃዋል። ከአየርም ይከብዳል፤ ጉድጓዱ ሥር ነው የሚተኛው። ከላይ ጎንበስ ብሎ ያሸተተ ሰው ከታች ምን እንዳለ አያውቅም። ደግሞ ዝቃጩን በእንጨት ሲያማስሉት ታፍኖ የነበረው በአንድ ጊዜ ይወጣል።

ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ሰው ነው። አንዱ ሲወድቅ ወንድሙ ዘሎ ይገባል። ጎጃሜ ወገኑ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ቆሞ አያይም፣ ይህን እናውቃለን። ግን አትግቡ። ገመድ ታስሮለት ከገባ ከላይ ሆኖ መሳብ ይቻላል። ገመድ ከሌለው ዘሎ የገባውም አብሮት ይቀራል። ቢሮዎቻችን ኪስ የምትገባ የጋዝ መለኪያ፣ ማራገቢያና የደህንነት ገመድ ሳይገዙ ሰው እንዳያስገቡ እለምናለሁ። ጨረታ ላይ ጽፉት። ያልያዘ ኮንትራክተር አይግባ።

አሁን ደግሞ ምን ይደረግ ለሚለው። በየጊዜው ያየሁትንና የተማርኩትን ነው የምጽፈው፤ ስሌቱን መሐንዲሶቹ ታውቁታላችሁ።

ፍሳሽ በቀን አንዴ እንኳ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ካልሮጠ አሸዋና ቆሻሻው ይተኛል፣ ንፍጡም ይወፍራል። እኔ የምፈትሸው በብርቱካን ነው። አትሳቁ። ያልተላጠ ብርቱካን ይንሳፈፋል። 60 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ማንሆሎች ካሉ፣ ጠዋት ሰው ሁሉ በሚታጠብበት ሰዓት ከላይኛው ጣሉት፤ ከታችኛው ሰው ቆሞ ይጠብቅ። 100 ሰከንድ ካለፈው ፍሳሹ ተኝቷል። ሁለታችሁም ከላይ ሆናችሁ፣ ማንም ሳይገባ።

ዝላዩን በተመለከተ፣ ከፍ ብሎ የሚመጣውን ቱቦ ማንሆሉ ውስጥ ከመወርወር በማጠፊያ ወደ ታች ወስዶ ፍሳሹ ውስጥ ቀስ ብሎ ማስገባት ነው። አንድ ክርን ቱቦና ጥቂት ሜትር ፒቪሲ ነው ወጪው። በተለይ ከፓምፕ የሚመጣው መስመር የሚተፋበት ማንሆል ላይ ይህ ካልተደረገ ያ ማንሆል በጥቂት ዓመት አለቀለት በሉ።

የቱቦው ነገር ቀላል ነው። ፒቪሲ፣ ፖሊኢትሊን፣ የሸክላ ቱቦ፤ ሦስቱንም ይህ አሲድ አይበላቸውም። ሆኖም ቱቦው ፒቪሲ ሆኖ ማንሆሉ ኮንክሪት ከሆነ በሽታው ማንሆሉ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠቁም። የጎጃም ደጋ ጠጠር ጥቁር ድንጋይ ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን አሲድን አያበርድም። አሲዱ ሲሚንቶውን ብቻ ፈልጎ ይበላና ጠጠሩ ይረግፋል። የኖራ ድንጋይ ጠጠር ከሆነ ግን ድንጋዩ ራሱ አሲዱን ይጋራዋል፤ የኮንክሪቱ የመቋቋም አቅም በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ደጀን ላይ ሞልቷል። ለሕንፃው ኮለን ጥቁሩን ተጠቀሙ፤ ለማንሆሉ የደጀኑን አስቡበት። ከውስጥ በፕላስቲክ ወይም በኢፖክሲ ከተለበጠማ እሰየው።

ለአየሩ መተንፈሻ አድርጉለት። ከጣሪያ በላይ የሚያልፍ ቱቦ። ሕንፃ ባለቤቶች ለውበት ብላችሁ መተንፈሻውን በመስኮት ቁመት አትቁረጡት። ፓምፕ ቤት ላይ ደግሞ አየሩን በማራገቢያ ስቦ እርጥብ ኮምፖስትና የእንጨት ቅርፊት በሞላ ሳጥን ሥር መልቀቅ ይቻላል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ጋዙን ሳይወጣ ይበሉታል። ቅርፊት አለን፣ ፍግ አለን። እርጥበቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው ነው የሚጎድለው። ሽቦና ሳጥኑን ግን ከዚያ አርቃችሁ ስቀሉ።

ካልሲየም ናይትሬትና የብረት ጨው መጨመርም አለ። ናይትሬት ሲያገኙ ባክቴሪያዎቹ ሰልፌቱን ይተዉታል፤ ብረት ደግሞ ሰልፋይዱን ይዞ ያስቀምጠዋል። ይሠራል። ግን በየቀኑ መግዛት ነው፣ በውጭ ምንዛሪ። ለእኛ መጨረሻ የሚታሰብ ነው ባይ ነኝ።

አንድ በቀላሉ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ትልቁ መስመር ሲመጣ የድሮውን ሴፕቲክ ታንክ እንዳለ ትታችሁ መውጫውን ከመስመሩ ጋር እንዳታገናኙት። ከሴፕቲክ ታንክ የሚወጣ ውሃ የጠራ ይመስላል፤ ግን ሲገማ የከረመ፣ ሰልፋይድ የሞላበት ነው። መጀመሪያ ማንሆል ሲደርስ ነው የሚፈነዳው። ታንኩን አስመጥጡ፣ በአሸዋ ሙሉት፣ የቤቱን ቱቦ በቀጥታ ቀጥሉ። አረቄ የምታወጡ እናቶችም፣ የደምበጫዎቹን ጨምሮ፣ ትኩሱን አተላ ቱቦ ውስጥ አትድፉት። ሙቅና ምግብ ያለው ነገር ለባክቴሪያ ድግስ ነው። ከብቱም ይወደዋል።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በየከተማችሁ በጣም የሚሸቱ አሥር ማንሆሎችን መዝግቡ። ክዳናቸውን አንሱ፣ በረጅም ፌሮ ግድግዳውን ጫር አድርጉ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሚገባ ጻፉ። በዓመቱ መልሳችሁ ለኩ። ለዚህ ፕሮጀክትም ለጋሽም አያስፈልግም። መሣሪያ እኔ ይዤ እመጣለሁ።

የኮንዶሚኒየሙ ማንሆል አሁንም እንደተለጠፈ ነው። ዙሪያው ያለው አስፋልት ትንሽ ረገብ ብሏል፤ ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ሲያልፍበት አየሁና ሆዴ ተንቦጫቦጨ። እናቲቱ ጀበናቸውን ወደ ማዶ አሻገሩ። መስቀሉንም አየሁት፤ ከሁለት ወር በኋላም ነጭ ነው። እሁድ ጠዋት እዚያ ነኝ፣ ቡናው በእኔ። መኪናችሁን ግን ከክዳኑ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የሳኒተሪ ሠራተኛ
ከጎጃም